አስቀድሞ የሚዘጋጅ በረከት
(የበጎ አድራጎት ማኅበራት ለስጦታ ቀን እንዴት እንደሚሰናዱ የሚያስረዳ ትምህርት)

ምጽዋት ሦስት ሰዎች የሚገናኙበት ሥራ ነው። አንደኛው ሰጪው ነው፤ ሁለተኛው ተቸግሮ የሚቀበለው ነው፤ ሦስተኛውም በመካከል ቆሞ ከአንዱ እጅ ተቀብሎ ለሌላው የሚያደርሰው ነው። ስለ ሰጪው ቸርነት ብዙ ተሰብኳል፤ ስለ ተቸጋሪውም መከራ ብዙ ተጽፏል። በመካከል የቆመው ሰው ግን ምን ማድረግ እንደሚገባው የሚነገረው ጥቂት ነው። ነገር ግን ይህ ሦስተኛው ሰው ሰነፍ ወይም ዝርክርክ የሆነ እንደ ሆነ የሰጪው ቸርነት በመንገድ ይቀራል፤ ተቸጋሪውም ሳይረዳ ይውላል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን የበጎ አድራጎት ማኅበራት ለስጦታ ተለይቶ በተመደበ ቀን ከመድረሳቸው በፊት እንዴት መሰናዳት እንደሚገባቸው በየተራ እንመለከታለን። ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀኑ ምንድር ነው?

በአሁኑ ዘመን በብዙ አገር የታወቀው የስጦታ ቀን በእንግሊዝኛ «ጊቪንግ ቱዝደይ»፥ በእኛ ቋንቋ «የስጦታ ማክሰኞ» የሚባለው ነው። የተጀመረውም በ2012 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ ነው፤ ያሰቡትም «ናይንቲ ሰከንድ ስትሪት ዋይ» የሚባለው የባህል ማእከልና የተባበሩት መንግሥታት ፋውንዴሽን ናቸው። አሜሪካውያን በኖቬምበር ወር በአራተኛው ሐሙስ የምስጋና በዓላቸውን ያከብራሉ። በማግሥቱ ዐርብና በሚከተለው ሰኞ ነጋዴዎች የዕቃቸውን ዋጋ ስለሚቀንሱ ሕዝቡ ለመግዛት ይሽቀዳደማል። እንግዲህ ሰው ለራሱ ከገዛ በኋላ ለሌላው የሚሰጥበት ቀን ይኑር ተብሎ ቀጥሎ ያለው ማክሰኞ ተመረጠ። ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራውን የሚመራው ራሱን የቻለ ድርጅት ነው። ይኸው ድርጅት ባወጣው ግምት በአሜሪካ ብቻ በዚያ አንድ ቀን የተሰጠው ገንዘብ በ2020 ዓ.ም. 2.47 ቢሊዮን፥ በ2022 ዓ.ም. 3.1 ቢሊዮን፥ በ2024 ዓ.ም. ደግሞ 3.6 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል።

ከዚህም በፊት በየክፍለ ግዛቱ እንዲህ ያለ ቀን ነበረ። በሚኒሶታ በኖቬምበር 17 ቀን 2009 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ የስጦታ ቀን በ24 ሰዓት ውስጥ 14 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተሰብስቧል።

ይህ ነገር በአሜሪካ ለሚኖሩት ኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናትና ማኅበራት የሩቅ ወሬ አይደለም። በዋሽንግተን አካባቢ፥ በዳላስ፥ በሚኒያፖሊስና በሌሎችም ከተሞች ስደተኛን ለመቀበል፥ ሕፃናትን ለማስተማር፥ በአገር ቤት ያለውን ገዳም ወይም ትምህርት ቤት ለመርዳት የተቋቋሙ ማኅበራት ብዙዎች ናቸው። የቀኑም አዋዋል ለእኛ የተለየ ትርጉም አለው። የስጦታ ማክሰኞ ሁልጊዜ ከኖቬምበር 27 እስከ ዲሴምበር 3 ባለው ጊዜ ይውላል፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር 17 እስከ ኅዳር 24 ነው። ስለዚህ ምን ጊዜም ቢሆን ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ፥ ኅዳር ጽዮን በሚከበርበት ሰሞን ይገኛል። ጾምና ምጽዋት የማይለያዩ እኅትማማቾች መሆናቸውን የተማረ ምእመን፥ ቀኑን ያወጡት ሌሎች ቢሆኑም፥ ጊዜው የራሱ መሆኑን ያስተውላል።

የመዘጋጀት መሠረት

አስቀድሞ መሰናዳት ከነጋዴዎች የተቀዳ አዲስ ጥበብ የሚመስለው ሰው ቢኖር የሐዋርያውን የቅዱስ ጳውሎስን መልእክታት ይመልከት። በኢየሩሳሌም የነበሩት ምእመናን ተቸግረው ስለ ነበሩ ሐዋርያው ከመቄዶንያ፥ ከአካይያና ከገላትያ አብያተ ክርስቲያናት እርዳታ ያሰባስብ ነበር። ይህን ሲያደርግ አራት ነገሮችን ጠበቀ።

መጀመሪያ ጊዜን አዘጋጀ፤ እርሱ በሚደርስበት ቀን ግርግር እንዳይሆን እያንዳንዱ ሰው በየሳምንቱ መጀመሪያ ከገቢው ለይቶ እንዲያስቀምጥ አዘዘ። ሁለተኛ መልእክተኛ አዘጋጀ፤ ተስፋ የተሰጠው በረከት ተሟልቶ እንዲቆይ ቲቶንና ሌሎች ወንድሞችን ወደ ቆሮንቶስ አስቀድሞ ላከ። ሦስተኛ ምስክር አዘጋጀ፤ ብዙ ገንዘብ በእጁ ሲያልፍ ማንም እንዳያማው ብቻውን አልያዘም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮት እንዲሆን አደረገ። አራተኛ ምሳሌ አዘጋጀ፤ የመቄዶንያ ሰዎች በድህነታቸው ላይ እንዴት እንደ ለገሱ ለቆሮንቶስ ሰዎች ነገራቸው።

ጊዜ፥ መልእክተኛ፥ ምስክርና ምሳሌ፤ እነዚህ አራቱ ዛሬም የማንኛውም የስጦታ ቀን ምሰሶዎች ናቸው። ቀጥለን የምንናገረው ሁሉ በእነዚህ ላይ የተሠራ ነው።

1ኛ፤ የሚለመንበትን ጉዳይ አንድ ማድረግ

በዚያ ማክሰኞ እልፍ አእላፍ ማኅበራት ሕዝቡን በአንድ ጊዜ ይጠይቃሉ። የአንድ ሰው ስልክ በልመና ቃል ሲሞላ ይውላል። በዚህ ጫጫታ መካከል «ማኅበራችንን እርዱ» ብሎ በደፈናው የሚጮህ ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ የማኅበሩ አመራር ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት፥ ማለት በነሐሴ፥ ተሰብስቦ ለዚህ ዓመት አንድ ጉዳይ ይምረጥ። ጉዳዩም የሚለካ ይሁን። «ድኾች ተማሪዎችን እንረዳለን» ከማለት ይልቅ «ለ40 ተማሪዎች የአንድ ዓመት ደብተርና የደንብ ልብስ እንገዛለን፤ ለአንዱ ይህን ያህል ይበቃል» ማለት ይሻላል። ሰጪው የእጁ ስጦታ የት እንደሚያርፍ በዓይነ ልቡናው ያያልና። ደግሞም ቁጥሩ በግምት የተጻፈ ሳይሆን ከሚገዛበት ቦታ ተጠይቆ የተረጋገጠ ዋጋ ይሁን። የታሰበው ገንዘብ ሳይሞላ ወይም ተርፎ ቢገኝ ምን እንደሚደረግበትም አስቀድሞ ተወስኖ ለሰጪዎች ይነገር። ለተማሪ ተብሎ የተሰበሰበውን ለጣሪያ ማዋል፥ ጣሪያው ቢያፈስም እንኳ፥ የሰጪውን ፈቃድ መሻር ነው።

2ኛ፤ ሕጉን አስቀድሞ መፈጸም

ምጽዋት የፍቅር ሥራ ቢሆንም በሕግ አገር የሚኖር ማኅበር ሕግ መጠበቅ አለበት። በአሜሪካ ሰጪው የሰጠውን ከግብር ሒሳቡ ለመቀነስ የሚችለው የሚቀበለው ማኅበር በግብር ሕጉ በክፍል 501(ሐ)(3) ወይም በተመሳሳዩ የታወቀ ሲሆን ነው። አብያተ ክርስቲያናት ማመልከቻ ሳያቀርቡ በዚህ መብት ይጠቀማሉ፤ ዓመታዊውንም መግለጫ እንዲያቀርቡ አይገደዱም። ሌሎች ማኅበራት ግን በየዓመቱ መግለጫቸውን ማቅረብ አለባቸው፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሳያቀርቡ የቀሩ እንደ ሆነ መብታቸው በሕጉ ኀይል ወዲያውኑ ይሻራል። ብዙ ሰዓሊተ ምሕረትን የመሰሉ የጽዋ ማኅበራት ጸሐፊያቸው ሲለወጥ ወረቀቱ ይረሳባቸዋል። እንግዲህ የስጦታው ቀን ሳይደርስ ገንዘብ ያዡ የማኅበሩን ስም በመንግሥት መዝገብ ላይ ፈልጎ ይመልከት፤ የተመዘገበው ስም፥ በባንክ ያለው ስምና በልመናው ወረቀት ላይ የሚጻፈው ስም አንድ ይሁኑ። ብዙዎቹ ክፍላተ ግዛትም ማንም ማኅበር ከሕዝብ ከመለመኑ በፊት በእነርሱ ዘንድ እንዲመዘገብ ያዝዛሉ፤ ይህን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የደረሰኙም ነገር እንዲሁ ነው። ሰጪው በአንድ ጊዜ 250 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ የሰጠ እንደ ሆነ ከማኅበሩ የጽሑፍ ማረጋገጫ ካልያዘ ከግብሩ ሊቀንስ አይችልም። በወረቀቱም ላይ ለስጦታው ምትክ የተሰጠው ነገር መኖሩና አለመኖሩ መጻፍ አለበት። ማኅበሮቻችን ብዙ ጊዜ እራት አዘጋጅተው ስለሚሰበስቡ ይህን ልብ ማለት ይገባል፤ አንድ ሰው 100 ዶላር ከፍሎ 30 ዶላር የሚያወጣ እራት ቢበላ ስጦታው 70 ዶላር ነው። ክፍያውም ከ75 ዶላር በላይ ሲሆን ማኅበሩ ይህን ለሰጪው በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ሕጉ ያዝዛል። ከ2026 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የስጦታቸውን ዝርዝር በግብር ወረቀት ላይ የማያቀርቡት ሰዎች እንኳ በገንዘብ ከሰጡት ላይ አንድ ሰው እስከ 1,000፥ ባልና ሚስት በአንድነት እስከ 2,000 ዶላር እንዲቀንሱ ተፈቅዶላቸዋል። ስለዚህ ጥቂት የሚሰጠውም ሰው ደረሰኙ ይጠቅመዋል።

3ኛ፤ መልእክተኞችን ማሰለፍ

ሰው ለማያውቀው ወረቀት ሳይሆን ለሚያውቀው ሰው ይሰጣል። ስለዚህ ከአንድ ወር በፊት 15 ወይም 20 መልእክተኞች ይመረጡ፤ እያንዳንዳቸውም የሚያውቋቸውን 10 ሰዎች ስም ይጻፉ። አንዱ የሥራ ባልደረቦቹን፥ ሌላዋ የሰፈሯን እናቶች፥ ሦስተኛው በሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉትን ወጣቶች ይያዝ። ስሞቹ ተነጻጽረው አንድ ሰው በአምስት ሰው እንዳይጨቀጨቅ ይደረግ። መልእክተኛውም ራሱ አስቀድሞ የሰጠ ይሁን፤ ያልሰጠ ሰው ሲለምን ቃሉ ክብደት የለውምና።

ከዚህ ጋራ የምሳሌው ነገር ይመጣል። በስጦታ ቀን የተለመደ አንድ ዘዴ አለ፤ ይኸውም አቅም ያለው አንድ ሰው «ሌሎች በዚህ ቀን የሚሰጡትን ያህል እኔም እስከዚህ ድረስ እጨምራለሁ» ብሎ ቃል መግባቱ ነው። ይህ ብዙዎችን ያበረታታል። ብዙ የአሜሪካ ኩባንያዎችም ሠራተኞቻቸው የሰጡትን ያህል ይጨምራሉ፤ ነገር ግን ሠራተኛው ራሱ ካልጠየቀ አይከፍሉምና ምእመናን የሥራ ቤታቸውን እንዲጠይቁ ማሳሰብ ይገባል። ሆኖም እውነት ይጠበቅ። ባለጸጋው ሌላው ሰጠም አልሰጠ ገንዘቡን የሚሰጥ ከሆነ «የናንተ 20 ዶላር 40 ይሆናል» ብሎ ማስነገር ሐሰት ነው። ለድኻ በሐሰት የተሰበሰበ ገንዘብ ለድኻው እንጀራ ቢሆንም ለሰብሳቢው ዕዳ ነው።

4ኛ፤ የገንዘቡን መንገድ መፈተን

በሜይ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በአሜሪካ በብዙ ከተሞች በአንድነት የስጦታ ቀን ተደርጎ ነበር። ገንዘቡ የሚያልፍበት የኢንተርኔት መሣሪያ ግን በዚያው ቀን ከብዛቱ የተነሣ ተበላሸ፤ ለመስጠት የመጡ ሰዎች ብዙ ሰዓት ደጁ ተዘግቶባቸው ዋለ። ከዚህ የምንማረው አንድ በር ብቻ ይዞ መቆም አደጋ መሆኑን ነው።

ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በፊት ከአመራሩ ሦስት ሰዎች፥ አንዱ በስልክ፥ አንዱ በኮምፒውተር፥ አንዱም በባንክ ካርድ፥ 5 ዶላር ሰጥተው መንገዱን ይፈትኑ፤ ገንዘቡ የደረሰበትን ቀንና ደረሰኙ የመጣበትን ሁኔታ ይጻፉ። ገንዘብ አስተላላፊው ድርጅት ከመቶ ስንት እንደሚያስቀር ይጠየቅ፤ ብዙ ጊዜ ከመቶ 2 ወይም 3 ያህል ስለሚያስቀር ማኅበሩ በሒሳቡ ውስጥ ያስገባው። ሁለተኛ በርም ይዘጋጅ። እናቶችና አባቶች በስልክ መክፈል ካልለመዱ ቼክ የሚቀበል፥ በጥሬ ገንዘብም ቢሆን ደረሰኝ ቆርጦ የሚረከብ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይቀመጥ። በሰንበት ዕለት ለሽማግሌዎች አሠራሩን የሚያሳዩ ሁለት ወጣቶች ቢመደቡ ደግሞ መልካም ነው። ሐሰተኞች በማኅበር ስም እየለመኑ ሰውን ስለሚያታልሉም «ከዚህ ስልክና ከዚህ አድራሻ በቀር የምንጠይቅበት የለም» ተብሎ በጉባኤ ይነገር።

5ኛ፤ በቀኑ ሊጠበቅ የሚገባው ጨዋነት

ቀኑ ሲደርስ ሁሉ ነገር ካለቀ ሥራው ቀላል ነው። ጧት አንድ አጭር መልእክት፥ በቀትር የተሰበሰበውን የሚገልጽ ቃል፥ ማታም የመጨረሻ ማሳሰቢያ ይበቃል። ከዚህ የበዛ ጭቅጭቅ ፍቅርን ያቀዘቅዛል።

ከሁሉ በላይ የተቸጋሪው ክብር ይጠበቅ። የተራበ ሕፃን ፊቱን ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሕዝብ መበተን ገንዘብ ያመጣ ይሆናል፤ ነገር ግን ሕፃኑ አድጎ ያንን ሥዕል ሲያይ ምን እንደሚሰማው እናስብ። ድኻ ስለ ድህነቱ ገበያ ሊወጣ አይገባውም። ስለ እርሱ ይነገር፤ ነገር ግን እርሱ ራሱ ቢሰማው በማያሳፍረው ቃል ይነገር። እንዲሁም የሰጪዎች ስምና የሰጡት መጠን ያለ ፈቃዳቸው አይነበብ። ብዙ የሰጠው ሲጨበጨብለት ሁለት ሳንቲም ብቻ የነበራት መበለት በኋላ ወንበር አንገቷን ደፍታ እንድትቀመጥ የሚያደርግ ጉባኤ የወንጌሉን ሚዛን ገልብጧል።

6ኛ፤ ከቀኑ በኋላ

ብዙ ማኅበራት የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ሲለምኑ ድምፃቸው ከፍ ይላል፤ ከተቀበሉ በኋላ ግን ዝም ይላሉ። በመኪና ማቆሚያ ቦታ ሌሊቱን ቆሞ የሚያድር አንድ ወንድም ከደመወዙ 20 ዶላር ሲሰጥ የሰጠው የእንቅልፉን ዋጋ ነው። ይህ ሰው የምስጋና ቃል ሳይሰማ፥ ገንዘቡም የት እንደ ደረሰ ሳይነገረው ቢቀር በሚመጣው ዓመት ደጁን ቢዘጋ ይፈረድበታልን? ጥፋቱ ከእርሱ አይደለም።

ስለዚህ በሁለት ቀን ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰጪ በስሙ የተጻፈ ምስጋና ይላክ፤ ቃሉም አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይቆይ። ገንዘቡ በአንድ ሰው ብቻ አይቆጠር፤ ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ቆጥረው ይፈርሙ። በአንድ ወር ውስጥ የተሰበሰበው፥ ለማስተላለፊያ የተከፈለውና የተረፈው በግልጽ ይነገር። በስድስት ወር ውስጥ ደግሞ ሥራው የደረሰበት ይነገር፤ 40 ተማሪ ተብሎ 33 ብቻ ተረድቶ ከሆነ 33 ይባል፤ ምክንያቱም ይገለጽ። ያነሰ እውነት ከበዛ ሐሰት ይልቅ መታመንን ይወልዳል። በሐዋርያት ዘመን ስለ ዕለታዊው እርዳታ ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ ሐዋርያት ቅሬታውን አላፈኑትም፤ በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች አስመርጠው በሥራው ላይ ሾሙ እንጂ። ቅሬታ ሲመጣ ሥርዓትን ማበጀት የቤተ ክርስቲያን የጥንት ልማድ ነው።

የሚነሡ ሁለት ጥያቄዎች

አንዳንድ ሰዎች «ምጽዋት በስውር እንዲደረግ ታዝዞ ሳለ በአደባባይ የሚታወጅ ቀን እንዴት ይስማማል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሊናቅም አይገባውም። ነገር ግን መለየት ያለበት ነገር አለ። ጌታችን የከለከለው ሰጪው ከሰው ምስጋና ለማግኘት መለከት ማስነፋቱን ነው፤ የድኻው ችግር እንዳይነገር ግን አልከለከለም። ሐዋርያው የኢየሩሳሌምን ድኾች ችግር በብዙ ከተማ አሳውቋል። ስለዚህ ጉዳዩ በአደባባይ ይነገር፤ የሰጪው እጅ ግን በስውር ይቆይ። ስሙ እንዲጠራ የማይፈልግ ሰው ሳይጠራ የሚሰጥበት መንገድ ማዘጋጀትም የማኅበሩ ግዴታ ነው።

ሌሎች ደግሞ «ለምጽዋት አንድ ቀን መመደብ የቀሩትን ቀኖች ባዶ አያደርግምን?» ይላሉ። ይህም እውነተኛ አደጋ ነው። በዓመት አንድ ማክሰኞ ሰጥቶ ኅሊናውን የሚያሳርፍ ሰው ራሱን ያታልላል። መድኃኒቱ ግን ቀኑን መተው ሳይሆን የቀኑን ሰጪ የዓመቱ ሰጪ ማድረግ ነው። በዚያ ቀን 60 ዶላር ለመስጠት የመጣውን ሰው «በየወሩ 5 ዶላር ቢሆንስ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ድምሩ አንድ ነው፤ ነገር ግን ማኅበሩ በየወሩ የሚታመንበት ገቢ ያገኛል፥ ሰጪውም ዐሥራ ሁለት ጊዜ ድኻውን ያስባል። አባቶቻችን ጽዋውን በየወሩ ያዞሩት ስለዚህ ነው፤ ፍቅር ተራውን ጠብቆ የሚመለስ እንዲሆን እንጂ አንድ ጊዜ ነዶ እንዳይጠፋ።

ማጠቃለያ

እንግዲህ፥ ወንድሞችና እኅቶች፥ መዘጋጀት እምነት የማጣት ምልክት አይደለም። ዘሪ እርሻውን አስቀድሞ የሚያለሰልሰው ዝናቡ እንደሚመጣ ስለሚያምን ነው። ዝናቡን የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው፤ መሬቱን ማረስ ግን የገበሬው ድርሻ ነው። ሳያርስ ሰማይን የሚመለከት ገበሬ ዝናቡ ሲመጣ ያለው ጭቃ ብቻ ነው። ማኅበራትም የሰዎችን ልብ የሚከፍት እግዚአብሔር መሆኑን እያመኑ መዝገባቸውን ያጥሩ፤ መልእክተኞቻቸውን ያሰልፉ፤ ምስክሮቻቸውን ያቁሙ። እንዲህ ሲሆን ሰጪው ሳይጸጸት ይሰጣል፤ ተቀባዩ ሳያፍር ይቀበላል፤ በመካከል የቆመውም አገልጋይ ንጹሕ እጁን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በማኅበር ለመወያየት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የማኅበራችን ስም በመንግሥት መዝገብ፥ በባንክና በልመና ወረቀት ላይ አንድ ነውን?
2. ባለፈው ዓመት ገንዘብ ከሰጡን ሰዎች መካከል ገንዘባቸው ምን እንደ ሠራ የተነገራቸው ስንቶች ናቸው?
3. ለዘንድሮው ጾመ ነቢያት የምንለምንበትን አንድ ጉዳይ በአንድ ዐረፍተ ነገር መናገር እንችላለንን?
4. የምንረዳው ሰው የልመናችንን ቃል ቢያነብ ይከበርበታልን ወይስ ያፍርበታል?